ቀለሙን በሆዱ ስለሚሸከም ብርዕ ታሪክና ጥገና

ብርዕ በግእዝ ቋንቋ ሸምበቆ ማለት ነው። የመጻሕፍት ጸሐፊ ሸምበቆውን ጠርቦ፥ ጫፉን ሰንጥቆ፥ ቀለም እያጠቀሰ በብራና ላይ ይጽፋል፤ ጥቂት ቃል ከጻፈም በኋላ እንደ ገና ወደ ቀለሙ ቀንድ ይመለሳል። ለገዳም ጸሐፊ ይህ መመላለስ አይከብደውም፤ ለነጋዴ፥ ለዳኛና ለመንገደኛ ግን የማይመች ስለ ሆነ፥ የአውሮፓና የአሜሪካ ጠቢባን ቀለሙን ከብርዑ ጋራ የሚያኖሩበትን ዘዴ ብዙ ዘመን ሲፈልጉ ኖሩ። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ችግሩ ሁለት ነበረ። አንደኛው፥ ቀለሙ ሳይንጠባጠብና ሳይቋረጥ በልክ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ከተዘጋ ሆድ ቀለም የሚወጣው በፈንታው አየር ሲገባ ነውና፥ ሊዊስ ዋተርማን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ቀለሙንና አየሩን በጠባብ ቦዮች የሚያቀያይር ብርዕ ሠርቶ በ1884 የፈጠራ መብት አገኘ። ሁለተኛው ችግር ሆዱን መሙላት ነው። አስቀድሞ ብርዑን ፈትቶ ቀለሙን በመስታወት ቧንቧ እያንጠባጠቡ መጨመር ግድ ስለ ነበረ፥ እጅና ልብስ ይበላሽ ነበር። ሌሎችም በብርዑ ውስጥ የጎማ ከረጢት አኖሩ፤ የአዮዋው ጌጥ ሻጭ ዋልተር ሺፈር በ1908 ከረጢቱን የሚጨምቅ ትንሽ ማንሻ በጎኑ ላይ አበጀለት። ነገር ግን ከረጢቱ ቦታውን ያጣብባል፤ ጎማውም በዘመን ብዛት ይበሰብሳል።

በለንደን የመጫወቻ ካርታና የፖስታ ቴምብር በማተም የታወቀው የቶማስ ዴ ላ ሩ ማኅበር በ1905 ሌላ መንገድ አወጣ። ጆርጅ ስዊትሰር የፈለሰፈው ይህ ብርዕ ኦኖቶ ተባለ። ከረጢት የለውም፤ አካሉ ራሱ የቀለም ማድጋ ነው። በውስጡ ቀጭን ዘንግ ያልፋል፤ በዘንጉም ራስ ላይ የአካሉን ውስጥ የሚሞላ ክብ ጎማ አለ። ዘንጉን ወደ ኋላ ስበው፥ ጫፉን ከቀለም ውስጥ ነክረው፥ ዘንጉን ወደ ፊት ሲገፉት ከጎማው በስተኋላ አየር ያነሰበት ባዶ ስፍራ ይቀራል። ዘንጉ ወደ መጨረሻው ሲደርስ አካሉ ጥቂት ሰፋ ይላልና ጎማው ግድግዳውን ይለቃል፤ በዚያች ቅጽበት የውጭው አየር ክብደት ቀለሙን እየገፋ ባዶውን ይሞላዋል። በአንድ መግፋት ሥራው ያልቃል። ደግሞም የኋላው ጫፍ ሲጠብቅ የዘንጉ ራስ የቀለሙን መውረጃ ስለሚዘጋ፥ ብርዑ በኪስ ሲያዝ አያፈስም፤ ብዙ ለመጻፍ የሚወድ ሰው ግን ያንን ጫፍ ጥቂት ማላላት አለበት።

ኦኖቶ ከእንግሊዝ አገር አልፎ እስከ ጃፓን ደረሰ፤ ስሙ የገነነው የጃፓን ደራሲ ናትሱሜ ሶሴኪም በ1912 ስለ ብርዕ በጻፈው ድርሰት አንሥቶታል። በ1930ዎቹ ዓመቶች የሺፈር ማኅበርም በዘንግ የሚሞላ ብርዕ ሠራ። ኳስ ያለው ብርዕ ግን በጥቅምት 1945 በኒው ዮርክ ገበያ በ12 ዶላር ከ50 ሳንቲም መሸጥ ከጀመረ በኋላ የዓለም እጅ ወደዚያ አዘነበለ። ዴ ላ ሩም በ1958 ኦኖቶን መሥራት ተወ። ስሙ በ21ኛው መቶ ዓመት እንደ ገና ቢነሣም፥ የቀደሙትን ብርዖች ሕይወት የሚጠብቁ ገዢዎችና ጠጋኞች ናቸው።

የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ የወርቁን ጫፍ ይመልከት። ጫፉ ከወርቅ የተሠራው የብረትና የዕንጨት እንቡጭ ቀለም ኮምጣጣ ስለ ሆነ ተራውን ብረት እንዳይበላው ነው፤ በወረቀት ላይ የሚሄደው ነጥብ ግን ከወርቅ የጠነከረ ማዕድን ነው። ያ ነጥብ ከሌለ ወርቁ ቢያበራም ብርዑ ለጽሕፈት አይረባም። ቀጥሎ የክዳኑ ከንፈር የተሰነጠቀ እንዳይሆን፥ ዘንጉም የተጣመመ እንዳይሆን ይመርምር። የቀደመው ብርዕ አካል ጎማ ከድኝ ጋራ በሙቀት ተዋሕዶ የጠነከረ ኤቦናይት ነው፤ ፀሐይና ውኃ ጥቁረቱን ወደ ቡናማ ይለውጡታል። አንዳንድ ሻጭ ይህን ለመሰወር አካሉን ፍቆ በጥቁር ቀለም ይቀባዋል፤ በፍቂያውም ላይ የተቀረጸው የሠሪው ስም ይጠፋል። ስለዚህ ቡናማ ሆኖ ጽሕፈቱ የሚነበበው ብርዕ እንደ ዐዲስ ከሚያብረቀርቀው ይልቅ የታመነ ምስክር ነው።

ጥገናው ትዕግሥት ይፈልጋል። የዘንጉን ጫፍ የያዘችውን ትንሽ ሚስማር በቀስታ አውጥቶ ዘንጉን በፊት በኩል መሳብ፥ የደረቀውን ጎማ መለወጥ፥ ዘንጉ በሚያልፍበት በኋላው ቀዳዳ ያለውንም መድፈኛ፥ ዛሬ ባለ እጆች ጎሚኒ በሚሉት ቀጭን ክብ መተካት ነው። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ይፈተናል፤ በጅራቱ ካንጠባጠበ የኋላው መድፈኛ ደክሟል፤ ጥቂት ብቻ ከሳበ ግን የፊቱን ጎማ ይጠራጠሩ። በሴሉሎይድ የተሠራውን ከእሳት ማራቅ ይገባል፤ ቶሎ ይነዳልና። የእኛ ጸሐፍት ከጥላሸት የሚያዘጋጁትን ጥቁር ቀለምም በእንዲህ ያለ ብርዕ ማግባት አይገባም፤ ለብራና መልካም የሆነው ጥላሸት ጠባቡን ቦይ ይደፍነዋልና።

እንግዲህ ጠጋኝ ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው፤ ምን ያህሉን ልለውጥ? ጎማውና መድፈኛው ከመጀመሪያው እንዲለወጡ የታሰቡ ናቸው፤ ብርዑም ያለ እነርሱ አይጽፍም። አካሉ፥ የወርቁ ጫፍና የተቀረጸው ስም ግን የሠሪውና የቀደመው ጸሐፊ አሻራ ናቸው። ያረጀ ዳዊት ሲጠገን ድጕሱ ይሰፋል፥ የተቀደደው ብራና ይጠቀማል፤ ጽሕፈቱን ፍቆ በሌላ እጅ የሚጽፍበት ግን መጽሐፉን አጠፋው እንጂ አልጠገነውም። ለብርዕም ሕጉ ይኸው ነው፤ ሊጽፍ የሚያስችለውን መልሶ፥ ማን እንደ ሆነ የሚናገረውን መተው።