የካሜራ ሪሞት በዲጂስኮፒንግ

የካሜራ ሪሞት የካሜራውን ቁልፍ በጣት ሳይነኩ ፎቶ ለማንሳት የሚያገለግል መሣሪያ ነው። በተለይ ለዲጂስኮፒንግ ይጠቅማል። ዲጂስኮፒንግ ማለት ካሜራን ወይም ስማርት ስልክን ከቴሌስኮፕ መመልከቻ ጋር አጋጥሞ በሩቅ ያሉ ወፎችንና እንስሳትን ፎቶ ማንሳት ነው።

የንዝረት መንስኤ

ቴሌስኮፕ ምስሉን ሲያጎላ ንዝረቱንም አብሮ ያጎላል። ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ካሜራ 30 እጥፍ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ላይ ሲገጠም 1500 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንዳለው ያህል ያቀርባል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው በትራይፖድ ላይ ቢቆምም እንኳ ቁልፉን በጣት መጫን ብቻ ምስሉን ሊያደበዝዘው ይችላል።

አሠራር

ሪሞቱ በሽቦ፣ በኢንፍራሬድ ወይም በብሉቱዝ ይሠራል። በብዙ ስልኮች ላይ የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ መጨመሪያ ቁልፍም ፎቶ ያነሳል። ሪሞት ከሌለ የካሜራውን ሰዓት ቆጣሪ በ2 ወይም በ10 ሰከንድ መሙላት ይቻላል። ሆኖም ቆጠራው እስኪያልቅ ወፏ ልትበር ትችላለች፤ በሪሞት ግን ፎቶ አንሺው ቅጽበቱን ራሱ ይመርጣል።

ውስንነት

ሪሞት ነፋስ የሚፈጥረውን ንዝረትም ሆነ የወፏን እንቅስቃሴ አያስቀርም። ለመጀመሪያው ጠንካራ ትራይፖድ ያስፈልጋል፤ ለሁለተኛው ደግሞ የካሜራው መዝጊያ በጣም ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ይገባል።