በ1979 ዓ.ም. ያላየነው ፋብሪካ



በ1979 ዓ.ም. የኤሌክትሪካል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ሳለን ዶርም ውስጥ የማይበርድ ክርክር ነበረን፤ በቺፕ ማን ይበልጣል፣ አሜሪካ ወይስ ጃፓን? እኔ የጃፓን ደጋፊ ነበርኩ። የአልጋ ጎረቤቴ ደግሞ «ትራንዚስተርን የፈጠረ ይቀደማል እንዴ?» እያለ መብራት እስኪጠፋ ይሞግተኝ ነበር። ዛሬ ክርክሩን ልዝጋው፤ ሁለታችንም ተሸንፈናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ተሠራ። ጃፓኖች ፈቃድ ገዝተው ተማሩት። ከ1976 እስከ 1980 መንግሥታቸው አምስት ተፎካካሪ ኩባንያዎችን በአንድ የምርምር ፕሮጀክት አቀናጀ። በ1980 የአሜሪካው ሂውሌት ፓካርድ የሁለቱን አገሮች ሜሞሪ ቺፖች ፈትሾ፣ የጃፓኖቹ ብልሽት በጣም ያነሰ መሆኑን በይፋ ተናገረ። በ1985 ኢንቴል ስም ያተረፈበትን ዲራም የተባለ ሜሞሪ እርግፍ አድርጎ ተወ።

አሜሪካም ዝም አላለችም። በ1986 ጃፓን ቺፕ ከወጪው በታች እንዳትሸጥና ገበያዋን እንድትከፍት አስፈረመቻት። በሚያዝያ 1987 ፕሬዚዳንት ሬገን «ስምምነቱ አልተከበረም» ብለው 300 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጡ የጃፓን ኮምፒውተሮች፣ ቴሌቪዥኖችና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ላይ የ100 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። ያን ሰሞን እንዴት ዶርሙን እንዳመስኩት የምታስታውሱ አትጠፉም።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። እዚህ ግን ሣሩ አደገ። የሜሞሪ ዋጋ ሲወደድ፣ በ1983 ገና ወደ ዲራም የገባው የኮሪያው ሳምሰንግ ተጠቀመ። እኛ ስንጨቃጨቅ በከረምንበት በዚያው በ1987 ደግሞ ሞሪስ ቻንግ፣ ዕድሜው ከ50 አልፎ፣ ታይዋን ውስጥ ቲኤስኤምሲን መሠረተ። ኩባንያው የራሱን ቺፕ አይሸጥም፤ ሌሎች የነደፉትን ያመርታል፣ በቃ። ዛሬ እጅግ የረቀቁት ቺፖች በብዛት የሚሠሩት እዚያ ነው። አሜሪካ በጥቅምት 2022 በቻይና ላይ ያወጣችው የቺፕ ሽያጭ ገደብም ያለዚህ ፋብሪካ ታሪክ አይገባም።

ይህን ለምን አነሳሁ? ዘንድሮ ይህንኑ ታሪክ ሳስተምር አንዲት ተማሪ «እኛስ የት ነን?» አለችኝ። «እኛማ ተመልካች ነን» ብዬ ክፍሉን አሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ታይዋንም እኮ አንድ ሰሞን ተመልካች ነበረች። በ1976 ወጣት መሐንዲሶቿን ወደ አሜሪካው አርሲኤ ልካ ሥራውን ከሥሩ አስተማረች፤ ቲኤስኤምሲ የመጣው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው።

እኛ በ1979 «ማን ያሸንፋል?» እንጂ «ማንም ያልያዘው ሥራ የቱ ነው?» ብለን አልጠየቅንም። እኔም ይኼው ስንት ዓመት የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳስተምር ኖርኩ። ለዚያች ተማሪ መልስ አለብኝ። ስንገናኝ ከቡናው ጋር አንድ ሐሳብ ይዛችሁልኝ ኑ።

ቸር ያገናኘን።