ስለ አለርጂ መድኃኒት አመጣጥና ስለ አወሳሰዱ

በአዘናና በጠቅላላው በአገው ምድር የእህል መውቂያ ወራት ሲደርስ፣ የገለባው አቧራ አፍንጫውና ዓይኑ ለሚቆጣበት ሰው ትልቅ ፈተና ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዛሬ ወደ መድኃኒት ቤት ሄዶ «የአለርጂ ኪኒን» ይጠይቃል። ኪኒኑ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ ይህን ለመመርመር የተነሣነው አወሳሰዱ ከታሪኩ ተለይቶ የማይታወቅ ስለሆነ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«አለርጂ» የሚለውን ቃል በ1906 ያወጣው የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል የሂስታሚንን ጠባይ መረመረ፤ ይኸውም ሰውነት ሲቆጣ ከሕዋሳት ወጥቶ ማሳከክን፣ ማስነጠስንና እብጠትን የሚያመጣው ንጥረ ነገር ነው። በ1937 ዳንኤል ቦቬና አን ማሪ ስቶብ በፓሪሱ የፓስተር ተቋም ሂስታሚንን የሚከላከል ውሁድ አገኙ፤ ነገር ግን መርዝነቱ ስለበዛ ለሰው ሊሰጥ አልቻለም። ለሰው የሚሆነው የመጀመሪያው መድኃኒት፣ አንተርጋን፣ የወጣው በ1942 ነው። በ1946 ደግሞ ቤናድሪል በአሜሪካ ተፈቀደ። ቦቬ በ1957 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

እነዚህ የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች አንድ ጉድለት ነበረባቸው፤ እንቅልፍ ያመጣሉ። ሂስታሚን በአንጎል ውስጥ ሰውን የሚያነቃ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ አንጎል ሲደርስ ንቃቱም ይደክማል። ክሎርፌኒራሚን ከዚሁ ወገን ነው። ዋጋው አነስተኛ ስለሆነ እስከ ዛሬ ይወሰዳል። ጥር 23 ቀን በፈረስ የሚጋልበው የአገው ሰው ይህን ውጦ ኮርቻ ላይ ቢወጣ፣ ወይም ባለሞተሩ ቢነዳ፣ አደጋው ግልጽ ነው። ጠላ ወይም አረቄ ሲጨመርበትማ ይብሳል! ሕፃን እንዲተኛ ብሎ ሽሮፑን መስጠትም ከቶ የማይገባ ነው።

ኋላ እንቅልፍ የማያመጣ መድኃኒት፣ ተርፌናዲን፣ ተገኘ፤ በ1985 በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። ሆኖም ኤሪትሮማይሲንን ከመሰለ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ የልብን ምት ስለሚያዛባ በ1998 ከዚያው ገበያ ወጣ። ዛሬ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ይመረጣሉ። ሎራታዲን እንቅልፍ እምብዛም አያመጣም፤ ሴትሪዚን ግን አንዳንዱን ሰው ያንቀላፋዋል። ስለዚህ ገዢው ሌላ የሚወስደው መድኃኒት ካለ፣ ወይም የዓይን ግፊት ወይም የሽንት መያዝ ካለበት፣ ለባለሙያው አስቀድሞ ይንገር።

ኪኒኑ ማሳከክንና ማስነጠስን ያስታግሣል እንጂ ከንፈርና ጉሮሮ አብጦ ትንፋሽ ሲያጥር አይበቃም፤ በዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው የአድሬናሊን መርፌ ነው፤ በሽተኛውም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።