እንግሊዝኛና የማጣት ቃላቱ

እንግሊዝኛ የምንማርበት ቋንቋ ስለሆነ ቃላቱን እንሠራባቸዋለን እንጂ ከየት መጡ ብለን እምብዛም አንጠይቅም። ‹‹ዎንት›› ማለት ፈለገ፣ ‹‹ኒድ›› ማለት አስፈለገ፣ ‹‹ላክ›› ማለት አጣ ብለን መዝገበ ቃላቱን እንዘጋለን። ይሁንና ባለሥልጣን ከነዚህ መሰል ቃላት አንዱን መርጦ ሌላውን በመተዉ ብዙ ነፍስ የጠፋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የቃላቱን ታሪክ መመርመር ለእኛ ቅንጦት አይደለም። (ዓመቶቹ ‹‹ዓ.ም.›› ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ‹‹ዎንት›› እንጀምር። ይህ ቃል እንግሊዝ ቤት የገባው ከቫይኪንጎች ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙም ‹‹ጎደለ፣ አጣ›› ነበር። ‹‹ፈለገ›› የሚለው ፍቺ ጎልቶ የወጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የጎደለው ሰው መሻቱ መቼ ይቀራል? እናም በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ በዳዊት የእረኛው መዝሙር ላይ ይህን ቃል አግኝተን ‹‹አልፈልግም›› ብለን ብንተረጉም ዳዊት እረኛውን እምቢ ያለ ይመስልብናል። ‹‹አላጣም›› ለማለት ነው። አሮጌው ፍቺ እስከ ቅርብ ጊዜም አልሞተም። ሩዝቬልት በ1941 ከዘረዘራቸው አራት ነጻነቶች በአንዱ፣ ቤቨሪጅም በ1942 ሪፖርቱ ካነሣቸው አምስት የመንገድ ላይ ግዙፋን በመጀመሪያው ላይ የምናገኘው ይህንኑ ‹‹ዎንት›› ነው። ‹‹ከፍላጎት ነጻ መውጣት›› ብሎ የሚተረጉም ካለ ሁለቱንም ሰዎች አመነኮሳቸው ማለት ነው።

‹‹ስታርቭ›› ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ እንዲያው ‹‹ሞተ›› ማለት ነበር፤ በምንም ይሙት በምን። በረሀብ መሞት የሆነው ኋላ ነው። ዛሬ የምሳ ሰልፍ የረዘመበት ሁሉ ይህን ቃል ይወረውረዋል።

‹‹ደርዝ›› ላይ ግን ቆም እንበል። (‹‹ደርዝ ያለው ንግግር›› ከምንለው ከኛው ቃል ጋር ዝምድና የለውም።) ሥሩ ‹‹ዲር›› ነው። ‹‹ዲር›› ልክ እንደ አማርኛው ‹‹ውድ›› ሁለት ፊት አለው፤ ‹‹ውድ ወንድሜ›› ብለን ደብዳቤ እንጀምርበታለን፣ ‹‹ጤፍ ውድ ሆነ›› ብለንም እናማርርበታለን። ስለዚህ ‹‹ደርዝ›› ከሥሩ ሲፈታ ‹‹ውድነት›› ነው። እንግሊዞች እህል ጠፋ ለማለት እህል ተወደደ አሉ። የእህል ዋጋ ሲንር፣ ከ1587 ጀምሮ የንግሥት ኤልሳቤጥ መንግሥት ለየአካባቢው ዳኞች ትእዛዝ እያሳተመ ጎተራ እንዲፈተሽና የተከማቸው እህል ገበያ እንዲወጣ ያደርግ ነበር። አዳም ስሚዝ በ1776 ሲመጣ ሁለት ቃላትን ለያየ፦ ውድነት ከእህል ማነስ ይመጣል፤ ‹‹ፋሚን››፣ ማለትም ረሀብ፣ ግን መንግሥት ውድነቱን በግድ አቃናለሁ ሲል የሚወልደው ነው አለ። ስለ ቤንጋልም ሲጽፍ ድርቁ ያመጣው ውድነት ነበር፤ ወደ ረሀብ የለወጡት የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሰዎች በሩዝ ንግድ ላይ ያወጡት ደንብ ሳይሆን አይቀርም ብሏል።

ታዲያ የቃላቱ ልዩነት በዚያችው በቤንጋል ሕግ ሆኖ ተመለሰ። ከ1876–78ቱ ታላቅ ረሀብ በኋላ የህንድ የእንግሊዝ አስተዳደር የረሀብ ደንብ አዘጋጀ። በደንቡ ‹‹ስካርሲቲ›› ወይም እጥረት አንድ ደረጃ ነው፤ ‹‹ፋሚን›› ሌላ። ረሀብ ታወጀ ከተባለ መንግሥት ሥራ ከፍቶ ደመወዝ መክፈል፣ መሥራት ለማይችለውም በነጻ ምግብ መስጠት አለበት። ቃሏ ከተነገረች ካዝና ይከፈታል ማለት ነው። በ1943 ቤንጋል ሲራብ ግን አዋጁ አልወጣም። የክፍለ ሀገሩ ገዢ የሰጠው ምክንያት ደንቡ የሚያዘውን ራሽን ለመስጠት የሚበቃ እህል የለንም የሚል ነበር። ጉድ ነው! ረሀብ ነው እንዳይባል እህል ጠፋ። ካልካታ ላይ የሚታተመው ‹‹ስቴትስማን›› ጋዜጣ በነሐሴ ወር የሬሳና የረሀብተኛ ፎቶግራፍ አወጣ፤ አዋጅ ሊናገር ያልደፈረውን ምስል ተናገረ። በ1945 መርማሪው ኮሚሽን ሟቾቹን ወደ 1.5 ሚሊዮን ገምቷል፤ በኋላ የመጡ ግምቶች እስከ 3 ሚሊዮን ይደርሳሉ።

በዚያ ዓመት ቤንጋል ውስጥ የ9 ዓመት ልጅ የነበረው አማርትያ ሴን፣ በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን እንደገና መረመረው። በስሌቱ የ1943 የቤንጋል እህል ከ1941ዱ ይበልጥ ነበር። የጦርነቱ ወጪ ዋጋ ሲያንር የገጠር ቀን ሠራተኛ ደመወዝ አብሮ አላደገምና እህሉ እያለ መግዣው ጠፋ። እህል አለመኖሩና ሰው እህል ማጣቱ ሁለት ነገር መሆኑን ያስረዳው በዚህ ነው። ከመጽሐፉ ምዕራፎች አንዱ ስለ ኢትዮጵያ ነው። እዚያ ላይ የወሎን ረሀብ ሲያጠና ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አለመናሩን አገኘ፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ይወጣ ነበር። ገበሬው አዝመራው ደርቆ፣ ከብቱ አልቆ ስለነበር ገበያ ወጥቶ ዋጋ የሚያስወድድበት ሳንቲም አልነበረውም። ‹‹ደርዝ›› ብለን ብንፈልገው ኖሮ አናገኘውም ነበር፤ ውድነት የለማ! በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጡትን ፎቶግራፍ ግቢ ውስጥ ለተማሪዎች አሳዩ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ዲምብልቢ ፊልም የታየው ከዚያ በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። ርእሱም ‹‹ያልታወቀው ረሀብ››። ያልታወቀው ለማን ነው ብለን ብንጠይቅ አያስቀይምም።

ከ2004 ወዲህ ደግሞ በሶማሊያ የተጀመረ ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ አለ። አንድ አካባቢ ‹‹ፋሚን›› ለመባል ከ100 ቤተሰብ ቢያንስ 20ው የከፋ የምግብ እጦት፣ ከ100 ሕፃን 30ው ብርቱ የሰውነት መጎዳት ሊደርስባቸው፣ ከ10,000 ሰው በቀን 2 ሊሞት ይገባል። ቃሉ ከሹም አፍ ወጥቶ ወደ ሚዛን መግባቱ ደግ ነው። ነገር ግን ገብቶ የሚመዝን ከሌለ ቃሉም አይነገርም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ስለ ትግራይ በወጣው ሪፖርት ከ350,000 በላይ ሰዎች አምስተኛው ደረጃ ላይ ናቸው ተባለ፤ መንግሥት ሪፖርቱን አልተቀበለም። በዚያ መለኪያ ቋንቋ ሰዎቹ ያሉበት ‹‹ካታስትሮፊ›› ይባላል፤ ‹‹ፋሚን›› የሚባለው አካባቢ እንጂ ሰው አይደለም፤ አካባቢው ደግሞ አልተባለም።