እንስራና ቅርጻ ቅርጽ

በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ አቅራቢያ፣ ከአለት የተፈለፈለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን የተመለከተ ሁሉ የጠራቢውን እጅ ያደንቃል። በገበያ ያገኘውን እንስራ ግን ውሃ መቅጃ ነው ብሎ ያልፈዋል። የሰሜኗ ሸክላ ሠሪ ያለ መሽከርከሪያ፣ ጭቃውን በእጇ ብቻ እየገነባች ታነሣዋለች፤ በለሰለሰ ጠጠር አሽታ በኩበትና በጭራሮ እሳት ትተኩሰዋለች። ለሥራዋ አካል የሰጠው ቋንቋችን ራሱ ነው፤ የእንስራ ሆድ፣ አንገት፣ ጆሮና አፍ እንላለንና።

ይህ አነጋገር ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይሏል። በአክሱም፣ ኔቪል ቺቲክ በመሩት ቁፋሮ በ1966 ዓ.ም. ከተገኘው የ4ኛው መቶ ዘመን ባለ ጡብ ቅስት መቃብር፣ አንገቱ የሴት ራስ ሆኖ የተቀረጸ የሸክላ ዕቃ ወጥቷል። የጸጉሩ አሠራር ዛሬ በትግራይ ሴቶች ዘንድ ከሚታየው ሹሩባ ጋር ይመሳሰላል።

እንዲህ ያለ ጥበብ ከዕቃ ተራ ያልወጣው ሠሪዋ ስለተናቀች ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ መባሏ አልቀረም። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ይህን ስም የተሸከሙት የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ፤ በ20ኛው መቶ ዘመን ከማሰሮና ከጀበና አልፈው የሰውና የእንስሳ ምስል እየቀረጹ ለጎብኚ ሸጠዋል። አብዛኛው የቤተ እስራኤል ሕዝብ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲሄድ፣ ሙያቸውን ይዘው የተሻገሩ ሴቶች ነበሩ።