ማቃጠል፣ ማክሰል፣ ማፍረስ፦ ስለ ፕላስቲክ ውዳቂ ጥናት ቃላት ታሪካዊ አስተያየት
የሙያ ቃል በሚተረጐምበት ጊዜ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው፣ ነገሩ በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ በሌላ ስም ይገኝ እንደ ሆነ ነው። «ፓይሮሊሲስ» የተባለውን ሥራ «ማቃጠል» ብሎ መተርጐም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በከላላም ሆነ በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ ከሰል የሚያከስል ሰው ሁለቱን አያምታታም። እንጨቱን ከምሮ በሣርና በቅጠል ይሸፍናል፤ አፈር ይመልስበታል፤ አየር በብዛት እንዳይገባም ይጠብቃል። አፈሩ ከተሸነቈረ እንጨቱ ይነድድና ዐመድ ይሆናል። ስለዚህ «ተቃጠለ» እና «ከሰለ» በቋንቋችን ፊትም የተለያዩ ናቸው።

በዚሁ አገር እንስራው ለጀሪካን፣ ስልቻው ለማዳበሪያ ቦታውን ለቀቀ። «ማዳበሪያ» የመሬት ማዳበሪያው ስም ሳለ፣ ለተሞላበት ከረጢት መጠሪያ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የፌስታል ዋና ጥሬ ዕቃ የሆነው ፖሊኤቲሊን የተገኘው በ1933 እ.ኤ.አ.፣ በእንግሊዝ አገር በአይ.ሲ.አይ. ኩባንያ ቤተ ሙከራ ነው። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ፌስታል ከለከለ፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ክልከላውን አጠበቀው። የተጣለው ግን በየሜዳው አለ።

ይህን ውዳቂ አየር በሌለበት ዝግ ዕቃ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያግሉት፣ ረጃጅሞቹ የሞለኪውል ሰንሰለቶች ተበጥሰው ዘይት፣ ጋዝና ጥቂት ዝቃጭ ይሰጣሉ። በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ረጲ የተመረቀው ማመንጫ ግን ቆሻሻን በአየር የሚያነድድ ነው፤ እርሱን «ማቃጠል» ማለት ትክክል ነው። «ማክሰል» ደግሞ ለፕላስቲክ ይጠብባል፤ ዋናው ውጤት ከሰል አይደለምና። ስለዚህ «ሙቀታዊ ፍርሰት» የሚለውን እንመርጣለን።

የጥናቱ ዘዴ ስምም ከእርሻ የመጣ ነው። ፊሸር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ያዳበረውን የሙከራ ንድፍ በ1935 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣ። ማሳው በአንድ ወገን ለም፣ በሌላው ጭንጫ ሊሆን ስለሚችል፣ በመደብ ከፋፍሎ የትኛው ዘር የት እንደሚወድቅ በዕጣ ወሰነ። «ማሳ»፣ «መደብ»፣ «ዕጣ» ለገበሬያችን እንግዳ ቃላት አይደሉም፤ ዕጣ አድልዎን ማስቀረቻ መሆኑንም መሬት ሲከፋፈል ያውቀዋል። በ1951 እ.ኤ.አ. ቦክስና ዊልሰን፣ በዚያው በአይ.ሲ.አይ. ሳሉ፣ ንድፉን ወደ ኬሚስትሪ አሻገሩት።

ሙቀት፣ ጊዜና የካታሊስት መጠን እያንዳንዳቸው በሦስት ደረጃ ቢፈተኑ 27 ሙከራ ያስፈልጋል። ቦክስና ቤንከን በ1960 እ.ኤ.አ. ባወጡት ንድፍ፣ መካከለኛው ነጥብ ሦስት ጊዜ ተደግሞ፣ 15 ይበቃል። አንዱን ብቻ እየለወጡ መሞከር የማያሳየው የሙቀትና የጊዜ «መስተጋብር»ም በዚህ ይታያል።

የቃል ምርጫው የጌጥ ጉዳይ አይደለም። «ፕላስቲክ ሲቃጠል ዘይት ይሰጣል» የሚል መጽሐፍ ያነበበ የከላላ ተማሪ በጓሮው እሳት ቢያነድድ፣ የሚያገኘው ዘይት ሳይሆን መርዘኛ ጢስ ነው። ፒ.ቪ.ሲ. ከተቀላቀለበትማ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣል። ከሳዩ የለየውን መዝገበ ቃላት ሊያደባልቀው አይገባም።