ቄጤማ፣ ጉልባንና ዘንባባ፦ የዐቢይ ጾም ዕቃዎች ለወንጌላውያን ምን ይላሉ?

ቢሾፍቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ለረጅም ዓመታት «ደብረ ዘይት» ስትባል ኖራለች። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዐቢይ ጾም አምስተኛ እሑድም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ዕለቱ የጾሙ እኩሌታ ሲሆን ማቴዎስ 24 ይነበብበታል። እንግዲህ የከተማው ሰው መናኸሪያ ቆሞ «ደብረ ዘይት» ባለ ቁጥር፣ ጌታ ስለ ዳግም ምጽአቱ ያስተማረበትን ተራራ ስም ይጠራ ነበር። ይሁን እንጂ ስሙ ስለ ተጠራ ብቻ ልቡ ወደ ተራራው አልሄደም። በዙሪያችን ያለ ነገር መቼ ወደ እግዚአብሔር ይመልሰናል? መቼስ ዝም ይላል? ጥያቄው ለአገልጋዮች የዛሬ ጥያቄ ነው።

የ55ቱ ቀን ጾም መጨረሻ ሳምንት በቤት ዕቃ የተሞላ ነው። በሆሳዕና ዘንባባ ተሰንጥቆ ቀለበትና መስቀል ይሠራበታል፤ ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም መግባቱ ይታሰባል። በጸሎተ ሐሙስ ከባቄላና ከስንዴ ጉልባን ይቀቀላል፤ እስራኤል ከግብፅ በችኮላ መውጣታቸውን ያስታውሳል። በቀዳም ስዑር ካህናት ቄጤማ ያድላሉ፤ ምእመኑም በራሱ ላይ ያስረዋል። ምሳሌነቱ ርግብ ለኖኅ ያመጣችው ቅጠል ነው። ርግቧ ያመጣችው ወይራ ነበር፤ ሕዝባችን ግን በወንዝና በሐይቅ ዳር ያገኘውን ቄጤማ ወሰደ። ማንበብ የሚችለው ጥቂት በነበረበት፣ የመጽሐፉም ቋንቋ ግዕዝ በሆነበት ዘመን፣ እናት ለልጇ የዘፀአትን ታሪክ የምታስተምረው በድስቱ አጠገብ ነበር።

እኛ ወንጌላውያን ከዚህ ልማድ የራቅነው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1522 በዐቢይ ጾም፣ በዙሪክ በአታሚው ፍሮሻወር ቤት ቋሊማ ተበላ። ዝቪንግሊ እዚያው ቢኖርም አልበላም፤ በኋላ ግን በስብከቱ የምግብ ነጻነትን ተሟገተ። በዚያው ጾም ሉተር በቪተንበርግ ከመጋቢት 9 ጀምሮ ስምንት ስብከቶችን ሰበከ። በከተማዋ ሥዕሎች በኃይል እየወረዱ ነበርና፣ ቃሉ አስቀድሞ በልብ ሳይሠራ እጅ መቸኮል እንደሌለበት አሳሰበ። እ.ኤ.አ. በ1534 ደግሞ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ሄዶ ከሉተር ጋር ተወያየ፤ ሉተርም የሥርዓት ልዩነት የእምነትን አንድነት እንደማያፈርስ ገልጾ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት። ከተሐድሶ አባቶች አንዱ ከአገራችን ክርስቲያን ጋር ሲገናኝ የመጀመሪያ ሥራው ዕቃውን መንጠቅ አልነበረም።

የዙሪኩ ክርክር ለእኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1525 ከዝቪንግሊ ተማሪዎች መካከል አናባፕቲስቶች ወጡ። ከእነርሱ መስመር የመጡት ሜኖናውያን ከጣሊያን ወረራ በኋላ በናዝሬት (አዳማ) ሆስፒታል ከፈቱ፤ ከአገልግሎታቸውም የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተወለደች። ሴሚናሪዋ ዛሬ ቢሾፍቱ ይገኛል። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ፤ መሪዎቿን አሰረ፤ ንብረቷንም ወረሰ። አማኞች ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ ተሰበሰቡ። መድረክና ደወል ሲወሰድ የቀራቸው ቃሉና ሳሎኑ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱም ከዚያ ዘመን በብዙ እጥፍ አድጋ ወጣች። እግዚአብሔር በተራ ቤት፣ በተራ ዕቃ መካከል ሕዝቡን እንደሚጠብቅ ከመጽሐፍም ከታሪካችንም ተምረናል።

መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ያሳየናል። ኢያሱ ከዮርዳኖስ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ያስነሣው ልጆች ትርጉማቸውን እንዲጠይቁ ነው (ኢያሱ 4)። የፋሲካው ማዕድም እንዲሁ የልጅን ጥያቄ ይጠብቃል (ዘፀአት 12)። የናሱ እባብ ግን በእግዚአብሔር ትእዛዝ ተሠርቶ (ዘኍልቍ 21) ኋላ ዕጣን ሲታጠንለት ሕዝቅያስ ሰባበረው (2ኛ ነገሥት 18)። ልዩነቱ ናሱ አልነበረም። ድንጋዩ ጥያቄ አስነሥቶ ወደ እግዚአብሔር ሥራ ይመራል፤ እባቡ ግን ሰውን በራሱ ላይ አስቀረ።

በዚህ መለኪያ አስቀድመን ራሳችንን እንመዝን። ቄጤማውን የተውን እኛ፣ በአንዳንድ መድረኮች «የተጸለየበት» ዘይትና ውኃ ሲሸጥ ዝም ብለናል። ቄጤማው ቢያንስ የኖኅን ታሪክ ይዟል፤ በዋጋ የሚሸጠው ጠርሙስ የያዘው የሻጩን ስም ነው። የሚሰበረውም ከእኛው ቤት ሊጀመር ይገባል።

ወደ አንድ አማኝ ቤት ኦርቶዶክሳዊት ጎረቤት ጉልባን ብትልክስ? ብዙ ጊዜ ምክራችን «አትቀበሉ» ወይም «ዝም ብላችሁ ብሉ» ነው። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እትዬን ማመስገን፣ ልጆቹን በማዕዱ ዙሪያ ሰብስቦ ዘፀአት 12ን ማንበብ፣ ከዚያም ፋሲካችን ክርስቶስ መሆኑን መንገር (1ኛ ቆሮንቶስ 5፥7)። ልጁ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው ካለ፣ አንድ ሳህን ጉልባን በዚያ ቤት የወንጌል መግቢያ ይሆናል።